ጅማ ዙሪያ ጭር ያሉ የእግር መንገዶችን እንዴት ትሄዱባቸዋላችሁ

ከጅማ በፈለጋችሁት በር ውጡ፣ በአጋሮ በሉት በሰቃ፣ በዴዶ በሉት ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው፣ አስፓልቱን ይዛችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ ግራና ቀኝ እየተገነጠሉ ቡና ውስጥ የሚገቡ ቀጫጭን መንገዶች ታያላችሁ። አንዳንዱ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲመላለስበት የሚውል ነው፣ ስለሱ ምንም ማስረዳት አያስፈልግም፣ ሰው ተከትሎ መሄድ ነው። እኔ ማወራው ስለሌላኛው ነው። ሳሩ መሀሉን መሻማት ስለጀመረው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ስለማያስኬደው፣ ባጃጅ ቀርቶ ሞተር ስለማይገባበት። እሁድ እሁድ ከከተማ ወጣ ብሎ በእግር መሄድ ሚወድ ሰው ባገኘኝ ቁጥር እንዴት ነው ማትጠፋው ብሎ ይጠይቀኛል፣ ስለዚ መልሱን አንዴ በደንብ ልጻፈውና ልገላገል።

ዋናው ነገር ይቺ ናት፣ ገጠር ውስጥ ያለ ምክንያት የተከፈተ መንገድ የለም። ወይ ለውሃ ነው፣ ወይ ለገበያ፣ ወይ ለግጦሽ፣ ወይ ለቡና ለቀማ፣ ወይ ለመስጊድ፣ ወይ ለቅሶ መድረሻ። መንገዱ ጭር ያለው ሞቶ ሳይሆን የሚፈልገው ጉዳይ ዛሬ ስለሌለ ሊሆን ይችላል። እና ወዴት ነው ሚሄደው ከማለታችሁ በፊት ለምን ጉዳይ ነው የተከፈተው በሉ። ጉዳዩን ካወቃችሁት የት ላይ እንደሚያልቅም፣ በምን ቀን ሰው እንደሚኖርበትም፣ መሀል ላይ ቢጠፋ በየት በኩል እንደሚቀጥልም መገመት ትችላላችሁ።

ሰው መንገዱን ምን ብሎ እንደሚጠራላችሁም ጆሮ ስጡ፣ ግማሹን መልስ እዛው ነው ምታገኙት። «የእግር መንገድ ነው» ካሏችሁ፣ ወይ በኦሮምኛ «ካራ ሚላ»፣ ሰው ይሄድበታል፣ ግቡ። «አቋራጭ» ካሏችሁ ቁልቁለት አለበት ብላችሁ ተዘጋጁ፣ አቋራጭ ሆኖ ደልዳላ የሆነ እስካሁን አልገጠመኝም። «ዳዋ ውጦታል» ካሏችሁ መንገዱ አለ ግን ገጀራ የያዘ ሰው ካለፈበት ቆይቷል ማለት ነው፣ ቁምጣ ለብሳችሁ ከሆነ ተመለሱ፣ ሳማውና ኮሸሽላው አይምራችሁም። «የድሮ መንገድ» ወይ «የበቅሎ መንገድ» የሚሉት ደግሞ እኔ ከሁሉም ምወደው ነው። ጭነት የያዘች በቅሎ ገደል ስለማትወጣ የበቅሎ መንገድ ተራራውን እየዞረ ቀስ ብሎ ነው ሚወጣው፣ ሰፋ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ከግራ ከቀኙ ካለው መሬት ዝቅ ብሎ ተቦርቡሮ ታገኙታላችሁ። ጣልያን በወረራው ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው፣ የመኪና መንገዱን ሳይሰራ በፊት የጅማ ንግድ በአብዛኛው በበቅሎና በሰው ጫንቃ ነበር። በፈረንጆቹ ከ1878 እስከ 1932 በገዙት በጅማው ንጉስ በዳግማዊ አባ ጅፋር ጊዜ የጅማው ሂርማታ ገበያ ከከፋም ከሊሙም ከሸዋም ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝበት ነበር፣ ያስተላለፈው ደግሞ ቡናና ዝባድ ብቻ አይደለም፣ ባሪያም ይሸጥበት ነበር፣ ይሄን ዘሎ ስለ አባ ጅፋር ዘመን ንግድ ማውራት ልክ አይመስለኝም። የጅማ መንግስት ድንበሩ ላይ ኬላ ነበረው፣ ነጋዴ በፈለገበት ሳይሆን በኬላው በኩል ነበር የሚገባው የሚወጣው፣ ስለዚ ዋና ዋናዎቹ የድሮ መንገዶች ዝም ብለው የተበታተኑ አይደሉም፣ ወደ በርና ወደ ገበያ ይሰበሰባሉ። የድሮ መንገድ ላይ ቆማችሁ ቅርንጫፉ ከጠፋባችሁ ወደ ገበያው የሚያደላውን መያዝ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

አሁን ወደ መንታው፣ መንገዱ ለሁለት ወደሚከፈልበት። ሰው ሚጠፋው መንታ ላይ ነው፣ ሌላ ቦታ አይጠፋም።

መንታ ላይ ስትደርሱ መሬት መሬት ከማየታችሁ በፊት ቀና በሉ። ከብት የከፈተው መንገድ ከስሩ ሰፊ ነው፣ እንደውም ሁለት ሶስት ሆኖ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ግን ከላሚቱ ጀርባ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ ማንም አልነካውም፣ ሁለት እርምጃ ሳትሄዱ ፊታችሁን ይገርፋችኋል። ሰው የሚሄድበት ደግሞ ከስሩ ቀጭን ሆኖ በራስ ልክ ክፍት ነው፣ ምክንያቱም ተሸክሞ ሚሄድ ሰው ያስቸገረውን ቅርንጫፍ ወይ ይሰብረዋል ወይ በገጀራ ይለዋል። የተመታውን ጫፍ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ነጣ ብሎ እርጥበት ካለው የሰሞኑ ነው። ግራጫ ሆኖ ከጎኑ አዲስ ቅጠል አቆጥቁጦ ክንድ የሚያህል ከሆነ ግን ክረምት አልፎበታል፣ እዛ መንገድ ላይ ሰው አገኛለሁ ብላችሁ አታስቡ።

ከዛ መሬቱን እዩ። መንገዱ ላይ የወጣ የዛፍ ስር ካለ እጃችሁን አሳርፉበት፣ ልጡ ተልጦ ከለሰለሰ የብዙ አመት እግር ነው ያለሰለሰው፣ አረንጓዴ ነገር ከለበሰ ሰው ትቶታል። ሰርዶም ይረዳችኋል። ሰርዶ መረገጥ የሚችል ሳር ስለሆነ በመንገድ ዳርና መሀል ላይ አጭር ሆኖ ምንጣፍ ይሰራል፣ ሰው የተወው መንገድ ላይ ግን ረጃጅሙ ሳርና ቁጥቋጦው ያሸንፈዋል። ቆሻሻም አትናቁ፣ ተመጦ የተጣለ ሸንኮራ፣ የማስቲካ ወረቀት፣ የጫት ገረባ፣ የአህያ ፋንድያ ካያችሁ ገበያ አድራሽ መንገድ ላይ ናችሁ። ጅማ ስለሆነ በተለይ ገረባው። አረንጓዴ ከሆነ ዛሬ፣ ከጠቆረና ከተጨማደደ ደግሞ ባለፈው ገበያ የተጣለ ነው።

ጠዋት ማልዳችሁ ከወጣችሁ የሸረሪት ድር አለላችሁ። ድሩ በደረት ልክ ተዘርግቶ ፊታችሁ ላይ ከተጠመጠመ ዛሬ ከናንተ በፊት ማንም አላለፈም ማለት ነው፣ ከመንታው አንዱ ድር የሌለው ከሆነ ደግሞ ማልዶ የወጣ ሰው እንዳለ አወቃችሁ። ደስ አይልም፣ አውቃለሁ፣ ግን ከጉግል ማፕ የበለጠ ትክክል ነው።

ጉዳዩን በአቅጣጫ መለየት እንዲህ ነው። የውሃ መንገድ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከጄሪካን እየተፈናጠቀ የወደቀ እርጥበት አለው፣ ዳገቱ ላይ በዶማ የተቆረጠ ደረጃ ታያላችሁ፣ እና ምንጩ ጋ ሲደርስ በቃ ያልቃል፣ ማዶ ይሻገራል ብላችሁ አትልፉ። የእንጨት ለቃሚ መንገድ ወደ ጫካ ከገባ በኋላ እየተከፋፈለ እየቀጠነ ይሄዳል፣ እየቀጠነ የሚሄድ መንገድ የትም አያደርስም። የቡና ለቃሚ መንገድ ከሁሉም አሳሳች ነው፣ እያንዳንዱ የቡና ዛፍ ስር ገብቶ ዞሮ ይወጣል፣ ሲገቡበት በጣም የተረገጠ ስለሚመስል ዋናው ይሄ ነው ያስብላል። የገበያ መንገድ ግን ውሃን ይሸሻል፣ የተራራውን ትከሻ ትከሻ ይዞ ነው ሚሄደው፣ ረግረግ ካጋጠመው ይዞራል እንጂ አይገባም። ስለዚ ሁለት መንገድ ላይ ግራ ከተጋባችሁና ሩቅ መሄድ ከፈለጋችሁ ከፍ ያለውን ያዙ፣ ሁሌ ልክ አይሆንም፣ ግን ብዙውን ጊዜ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ቦዬ ረግረግ አካባቢ ለምትሄዱ። ረግረጉ ውስጥ ጉማሬ አለ። የጉማሬ መንገድ ሳሩ ውስጥ በደንብ የተረገጠ ስለሆነ የሰው ይመስላል፣ ልዩነቱ መሀሉ ላይ ጉብ ያለ መስመር ትቶ በግራና በቀኙ ሁለት ቦይ መስራቱ ነው፣ የመኪና ጎማ እንደሄደበት። እንደዛ ያለ ካያችሁ ወደኋላ። ጉማሬ ማታ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፣ አደጋው ደግሞ በሱና በውሃው መሀል ቆማችሁ ስትገኙ ነው፣ ስለዚ አመሻሽና ንጋት ላይ ረግረጉ ዳር አትንሸራሸሩ።

መጠየቅ ጥበብ አለው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ሙሉውን ሰላምታ። አብዛኛው የገጠሩ ሰው ሙስሊም ስለሆነ «አሰላሙ አለይኩም» ብላችሁ ጀምሩ፣ ከዛ «አካም ጅርቱ»፣ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ከዛ ነው መንገዱ። ሰላም ሳትሉ «ይሄ መንገድ ወዴት ነው» ካላችሁ ይነግሯችኋል፣ ግን አጭሩን ነው ሚነግሯችሁ። አማርኛ የማይችል ካጋጠማችሁ «ካራን ኩን ኤሳ ጌሳ?» ይሄ መንገድ የት ያደርሳል ማለት ነው፣ መልሱ ውስጥ «ሚርጋ» ቀኝ፣ «ቢታ» ግራ፣ «ኦል» ወደ ላይ፣ «ገድ» ወደ ታች፣ «ለጋ» ወንዝ። እነዚን ብቻ መያዝ በቂ ነው፣ የቀረውን በእጅ ያሳዩዋችኋል። በእድሜ ገፋ ያለ ሰው ከሆነ ኦቦ፣ ሴት ከሆነች አደ፣ ስም ባታውቁም አባባና እማማ አያሳፍርም።

የምትጠይቁትን ጥያቄ ደግሞ አስተካክሉት። «በዚህ አጋሮ ይደረሳል?» አትበሉ፣ አዎ ነው ሚባለው፣ እንግዳን አይሆንም ማለት ስለሚከብድ። «አጋሮ መሄድ ብትፈልግ አንተ በየት ትሄዳለህ?» በሉ፣ ያኔ እውነተኛውን ታገኛላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «እኔማ በሚኒባስ» ነው። ርቀት አትጠይቁ። «እዚህች ጋ ነው» የሚባለው ነገር ሃያ ደቂቃም ሁለት ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ ተናጋሪው ዋሽቶ አይደለም፣ ለሱ እዚህች ጋ ነው። ይልቅ «ከዚህ በኋላ ስንት ወንዝ እሻገራለሁ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ወንዝ ይቆጠራል። ልጆችን ከጠየቃችሁ ተከትለዋችሁ ይመጣሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከሰፈራቸው ብዙ አታርቋቸው፣ እናታቸው እየፈለገቻቸው ይሆናል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ጅማ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ዝናብ አያጣትም፣ በአመት 1,500 ሚሊሜትር አካባቢ ይዘንባል፣ ቀዩ አፈር ሲርስ ሳሙና ነው። ለዚህ አይነት መንገድ ከህዳር እስከ የካቲት ያለው ይሻላል። ግን ህዳርና ታህሳስ ቡና ይለቀማል፣ ይሄ ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩነቱ ሌላ ጊዜ ጭር የሚለው መንገድ ሁሉ ሰው አለበት፣ ምትጠይቁት አታጡም። መጥፎነቱ ቦርሳ ያዘለ ፀጉረ ልውጥ ቡና መሀል ሲዞር ከሌባ አይለይም፣ ጥበቃ የሚያድር ሰውም አለ። ድምጻችሁን እያሰማችሁ ሂዱ፣ ሰው ካያችሁ ቀድማችሁ ሰላም በሉ፣ ቀይ ቡና አንድም ፍሬ አትቅጠፉ፣ ለፎቶም ቢሆን። ከቀኖቹ ሐሙስን ምረጡ፣ የጅማ ትልቁ ገበያ ስለሆነ ጠዋት ወደ ከተማ ከሰዓት ደግሞ ወደ ገጠር ሰው ይፈሳል። አርብ እኩለ ቀን ላይ በተቃራኒው ሰው ሁሉ ጁምአ ስለሆነ መንገዱ ባዶ ነው ሚሆነው።

ስልክ ያዙ፣ ግን አትመኩበት። የሳተላይት ፎቶ ሜዳ ላይ ያለ መንገድ ያሳያችኋል፣ የጅማ ቡና ግን በጥላ ዛፍ ስር ነው ያለው፣ ከላይ ሲታይ ሰሳውና ዋንዛው ብቻ ነው ሚታየው፣ ከስሩ ያለው መንገድ በሙሉ ተሸፍኗል። ስለዚ ማፑ ላይ መንገድ የለም ማለት መሬት ላይ የለም ማለት አይደለም። ስልኩ ሚጠቅማችሁ ለመመለስ ነው፣ ከመነሳታችሁ በፊት ኦፍላይን ማፕ አውርዱና የሄዳችሁበትን መስመር እንዲመዘግብ አድርጉት፣ ኔትወርክ ባይኖርም ጂፒኤሱ ይሰራል። ባትሪ ስለሚበላ ፓወር ባንክ አትርሱ። እና መንታ ላይ በደረሳችሁ ቁጥር ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትን ፎቶ አንሱት፣ መንገድ ሲመለሱበት ሌላ ነው ሚመስለው።

ጊዜ ስትሰሉ፣ በፈረንጆቹ 1892 ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣት ቀላል ስሌት አለች፣ ለአምስት ኪሎሜትር አንድ ሰዓት፣ ሽቅብ ለምትወጡት ለየ600 ሜትሩ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። እሷ ለደህና መንገድ ነች። ዳዋ ለዋጠው መንገድ እኔ በሁለት ነው ማባዛው፣ ለቡናና ለወሬ የሚቆመውን ሳልጨምር፣ ገጠር ደግሞ ቡና ጠጡ ተብሎ አይታለፍም። ጅማ ላይ ጀምበር ስትጠልቅ ቶሎ ነው ሚጨልመው፣ ጫካ ውስጥ ደግሞ ከዛም ቀድሞ ይጨልማል፣ ስለዚ አስር ሰዓት ላይ የትም ሁኑ የት ፊታችሁን ወደ አስፓልቱ አዙሩ። ጅብ አለ፣ ውሻም አለ። ውሻ ከመጣባችሁ አትሩጡ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ፣ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ጫማ ሽፍን ይሁን። ይሄ ለምቾት ብቻ አይደለም፣ በእንደዚህ አይነት ቀይ አፈር ላይ ለብዙ አመት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል፣ ሰው ዝሆኔ የሚለው አንዱ እሱ ነው። ለአንድ ቀን ሄዳችሁ አይዛችሁም፣ ግን በባዶ እግሩ የሚሄድ ልጅ ስታዩ ጉዳዩ ድህነት ብቻ እንዳልሆነ እወቁ። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱት፣ ገብረ ጉንዳን መንገድ አቋርጦ ሲያልፍ ሳያዩ የረገጠ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ከረገጣችሁት እዛው ቆማችሁ አታራግፉ፣ መጀመሪያ ከሰልፉ ራቁ። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ስር አትቀመጡ፣ ሽቶም አትቀቡ።

ወንዝ ላይ አንድ ግንድ ብቻ የተጋደመበት ድልድይ ታገኛላችሁ። የአገሬው ሰው ጭነት ይዞ ቀጥ ብሎ ያልፍበታል፣ እናንተ ግን ዘነበ ከሆነ ተቀምጣችሁ፣ እግራችሁን ግራና ቀኝ አንጠልጥላችሁ፣ በእጃችሁ እየተሳባችሁ ተሻገሩ፣ ይሳቅባችሁ። ውሃው ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ እያመጣ ከሆነ ላይኛው አገር ዘንቧል ማለት ነው፣ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁት፣ ትንንሾቹ ጅረቶች እንደሞሉት ቶሎ ይጎድላሉ።

ለጀማሪ የአባ ጅፋር ቤተመንግስት ያለበት ጅሬን ይሻላል። ቤተመንግስቱ ከከተማው ሰባት ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ የመኪናውን መንገድ ይዛችሁ እየሄዳችሁ የእግሩን መንገድ ገባ ወጣ እያላችሁ ትለማመዳላችሁ፣ ብትጠፉም ላይ ላዩን ከወጣችሁ ከተማው ከስር ይታያል። በለጤ ጌራ ጫካ ግን ለጀማሪ አይሆንም። በቦንጋ መንገድ ሸቤ አካባቢ ነው ሚጀምረው፣ ትልቅ የተፈጥሮ ደን ነው፣ ውስጡ ያለው መንገድ የማር ቆራጭና የቡና ለቃሚ ስለሆነ ለማያውቀው ሰው ሁሉም አንድ ነው። እዛ ደኑን ዋቡብ የሚባሉት የመንደር ማህበራት ናቸው የሚጠብቁት፣ በፈረንጆቹ 2003 በጃፓኑ የእርዳታ ድርጅት በጃይካ ድጋፍ በተጀመረው ፕሮጀክት ነው የተቋቋሙት፣ ስለዚ ቀበሌው ጋ ገብታችሁ ከነሱ ሰው ጠይቁ፣ ቀኑን ሙሉ ለዋለላችሁ ሰው ደግሞ በደንብ ክፈሉት እንጂ በምሳ ብቻ አትሸኙት።

መንገድ ላይ አግድም የተጋደመ እንጨት ካጋጠማችሁ የተዘጋው ብዙ ጊዜ ለከብት ነው፣ ሳብ አድርጋችሁ ግቡና መልሳችሁ ዝጉት። እሾህ ተከምሮበት ከሆነ ግን ለሰውም ነው የተዘጋው፣ ዙሩ።

ጠፋን ካላችሁ መሄድ አቁሙ። እያንዳንዱ ቀጭን መንገድ ልክ ይመስላል ያን ጊዜ። መጨረሻ እርግጠኛ ወደነበራችሁበት መንታ ተመለሱ፣ ፎቶውን ለዚህ ነው ያነሳችሁት። እሱም ካልሆነ ዝም ብላችሁ አዳምጡ፣ ዶሮ፣ መጥረቢያ፣ ልጅ፣ ከሁሉም በላይ አዛን፣ አስር ሰዓት አካባቢ የአስር ሶላት ይሰገዳል፣ ጀምበር ስትጠልቅ መግሪብ፣ ድምጹ ከየት እንደመጣ ልብ በሉና ወደዛ ሂዱ፣ መስጊድ ካለ መንደር አለ፣ መንደር ካለ ወደ መኪና መንገድ ሚያወጣ የሰፋ መንገድ አለ። አስፓልት ላይ ስትደርሱ ከመሸ ሚኒባስ ላታገኙ ትችላላችሁ፣ ያመጣችሁን የባጃጅ ልጅ ስልክ ጠዋቱኑ ተቀበሉት።